መልክና ስም፦ የፎቶግራፍ ታሪክ በአገራችንና በከተማችን በጎንደር



እድር ድንኳን እንደሚተክል፣ ቀብር እንደሚያስፈጽምና ሐዘንተኛን እንደሚያጽናና ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብናል። ነገር ግን ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ገና ቡናው ሳይፈላ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ፎቶው የታለ?» የሚለው ነው። ወዲያው ሣጥን ይከፈታል፣ የመጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት ይበረበራል። በመጨረሻ ከመታወቂያ ደብተር ላይ የተላጠች አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ትገኝና አንድ ልጅ ይዟት ወደ ፒያሳ ይሮጣል። ፎቶ ቤቱ አሳድጎ ይሰጣል። ለቀስተኛውም የሚያውቀውን ፊት አይቶ ያለቅሳል፤ የቀበሌው ክብ ማኅተም ግን ሩቡ ከሟች ትከሻ ላይ እንደታተመ አብሮ አድጎ ይታያል።

ይህን ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እናንተም አይታችኋል። ስለሆነም በዘንድሮው መጽሔታችን ፎቶግራፍ ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ፣ በጎንደር ምን መልክ እንደያዘ፣ በሠርግና በምረቃ፣ በስብሰባና በለቅሶ ተጠርቶ የሚመጣው ፎቶ አንሺ ሥራው ከየት እንደመጣ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለናል።

ከፎቶግራፍ በፊት

ፎቶግራፍ ሳይመጣ የሰው መልክ የሚቀረው በሥዕል ነበር። ሥዕል ደግሞ ለሁሉም አልነበረም። በጎንደር ዘመን ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ወይም ሥዕል ያሣለ ሰው ከቅዱሳኑ ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይሣላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ነው። የቁስቋምን ደብር ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ እዚያ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ ከሆነ ከ250 ዓመት በላይ ነው። በእንዲህ ያለው ሥዕል ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ሠዓሊው መልኩን ሲሥል ከጎኑ ስሙንም የመጻፍ ልማድ ነበረው። መልክና ስም አብረው ይኖራሉ። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ተራው ሕዝብ ግን የሚያየው የሰው ምስል የማን ነበር? ነገሩ ያስቃል። በጎንደር ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው መልክ የባዕድ ሴት መልክ ነው፤ በማርትሬዛ ብር ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታ፣ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት ይዞ እየታተመ እኛ ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ባላገሩ የራሱን ንጉሥ ፊት ሳያይ የእርሷን መልክ አይቶ ይቀበል ነበር።

ለቅሶውስ? ለቅሶም ቢሆን ያለ ምልክት አይለቀስም ነበር። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፤ ጋሻው፣ ጦሩ፣ ጠመንጃው፣ ካባው በአልቃሾች መካከል ይታያል። ከዚህም አልፎ ልብሱን አልብሰው የሟቹን «ምስል» ያቆሙ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጡ የአውሮፓ መንገደኞች ይህንኑ አይተው ጽፈዋል። እንግዲህ ዛሬ በድንኳኑ ራስ ላይ የምናቆመው ፎቶግራፍ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ካሜራው አዲስ ነው እንጂ ለቀስተኛው የሟቹን አምሳል ፊት ለፊቱ አቁሞ ማልቀሱ የቆየ ነው። ፎቶግራፍ የመጣው ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቀው ቦታ ነው።

ካሜራ ወደ አገራችን እንዴት ገባ

ፎቶግራፍ ማለት ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በብርሃን መጻፍ እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር የሠራው ዘዴ በፓሪስ ለዓለም የተገለጸው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ በጎንደር የዘመነ መሳፍንት ንጉሥ ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ ግን በራሶቹ እጅ ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎች በኢትዮጵያ መጀመሪያ ካሜራ ይዞ የመጣ ብለው የሚጠቅሱት ሄንሪ ስተርን የተባለውን ሚሲዮናዊ ነው። ስተርን የመጣው በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ ለነበሩት ቤተ እስራኤሎች ሊሰብክ ሲሆን ጊዜውም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ 1860 እ.ኤ.አ. ግድም ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶም በ1862 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ በመጻፉ፣ ዳግመኛ ሲመጣ በ1863 እ.ኤ.አ. ታሰረ። እስከ መቅደላ ጦርነት ድረስም በእስር ቆየ። ያሳሰረው ጽሑፉ ነው እንጂ ካሜራው አይደለም።

ከዚያ የመጣው ካሜራ ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ሲወጋ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። የመስታወት ሳህንና መድኃኒቱን በበቅሎ ጭነው፣ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ አምባውን፣ ሰውንም አንሥተዋል። የሚያስደንቀውና የሚያሳዝነው ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ አለመኖሩ ነው። በቋራ የተወለዱት፣ በስሜን በደረስጌ ማርያም የተቀቡት ንጉሥ በሕይወት ሳሉ የተነሡት አንድም የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ዛሬ በየግድግዳው የምናየው ሁሉ ከሥዕል የተቀዳ ነው።

የልጃቸው ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው እንግሊዞች ወሰዱት፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። እዚያ እንደደረሰ በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች በዘመኑ ስመ ጥር የነበረች ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ አነሣችው። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ የልጁን ዓይን ያየ ሰው ሐዘኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ተጠይቆ በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም። እኛ የእድር ሰዎች ነንና ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ ይከብደናል። አባትየው መልኩ ሳይቀር በአገሩ ሞተ፤ ልጁ መልኩ ቀርቶ በሰው አገር ተቀበረ።

የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች

ዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ የሚወዱ፣ ጥቅሙም የገባቸው ንጉሥ ነበሩ። በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በታተመው በመጀመሪያው ቴምብርና በራሳቸው ብር ላይ መልካቸውን በማውጣታቸው፣ ከማርትሬዛ በኋላ የአገሩ ሰው የገዛ ንጉሡን ፊት በእጁ መያዝ ጀመረ።

በዚያው ዘመን አርመኖች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዩ ልዩ ሙያ ይሠሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ዘውዲቱንና ኃይለ ሥላሴን አገልግለዋል። አንድ ቤተሰብ የሦስት ነገሥታትን መልክ ያዘ ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጫን ደግሞ ካሜራ ከየአገሩ መጣ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሰኔ 1931 እ.ኤ.አ. ዕትሙ የበዓሉን ሥዕሎች በቀለም ጭምር አወጣ። የአገራችን በዓል በባለሙያ ፎቶ አንሺ ተከታትሎ ለዓለም ሲታይ ከዋነኞቹ አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ ሠርጋችን ላይ «ከመነሻ እስከ መድረሻ ይነሣልን» ብለን ቀብድ የምንሰጠው ሥራ ዘሩ ከዚህ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ ወረደ።

ከኋለኞቹ አንዱን እንጥቀስ። ሽመልስ ደስታ ከ1963 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የሠሩ ናቸው። ንጉሡንም፣ ኋላ ደርግንም አንሥተዋል። ወደ እንግሊዝ አገር ሲሰደዱ ብዙ ኔጌቲቫቸውን ይዘው በመውጣታቸው፣ ዘመኑን የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ሳይጠፉ ቀርተው ኋላ በለንደን በኤግዚቢሽን ታይተዋል። አንድ ፎቶ አንሺ ፊልሙን ስላስቀመጠ ብቻ ታሪክ ተረፈ።

ጎንደር በእንግዳ ሰው ካሜራ

ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ተቃጥላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ብዙዎቹ ወድመው፣ ለብዙ ዓመት ተዳክማ ኖራለች። ስለዚህ ካሜራ ይዘው የመጡባት በመጀመሪያ መንገደኞችና አጥኚዎች ናቸው።

ከእነዚህ የሚበልጠው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳዮች ቡድን ነው። ቡድኑ በ1932 እ.ኤ.አ. ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግድም በጎንደር ተቀመጠ። ሰው አነሡ፣ ቤት አነሡ፣ የዛር ሥርዓት አዩና መዘገቡ። ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች ደግሞ በአዲስ ሥዕል ተክተው ዋናዎቹን ይዘው ሄዱ። ሥዕሎቹም ፎቶግራፎቹም ዛሬ ፓሪስ በሙዚየም ይገኛሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች የማንኛችን አያት ሊሆኑ ይችላሉ። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ደብተራው፣ ልጅ ያዘለችው ሴት ማን ናቸው? የባዕድ አጥኚ ከስሙ ይልቅ ሙያውንና አለባበሱን መመዝገብ ይቀናዋል። ስሙን ሊነግር የሚችለው ሰፈርተኛው ነው፤ እሱ ግን ፎቶውን አላየውም።

ጣሊያን የመጣው ከዚያ አራት ዓመት ሳይሞላ ነው። የስታራቼ ጦር በ1928 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ከተማዋን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው፣ በአርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ ፕላን ይሠሩባት ጀመር። የምንኖርባት ፒያሳ የተሠራችው ያኔ ነው፤ ቃሉም በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ባንኩ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው የፊልም ድርጅት ደግሞ ሥራውን ሁሉ እያነሣ ለአገሩ ሕዝብ ያሳይ ነበር። የነገሥታቱ ግንብ በፖስት ካርድ ላይ ወጥቶ ወታደሩ ለእናቱ ላከው።

ወታደሩ የላከው ግን ግንቡን ብቻ አልነበረም። በአገራችን በልዩ ልዩ ቦታ የተሰቀሉና የታረዱ አርበኞችን ፎቶግራፍ ለኩራት ብለው አንሥተው ያስቀመጡ ብዙ ናቸው። ከነጻነት በኋላ መንግሥታችን የፋሺስትን ግፍ ለዓለም ሲያመለክት እነዚያው ፎቶግራፎች ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ለኩራት ያነሡት መልሶ መሰከረባቸው። ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ሆና ቆይታ፣ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

የፎቶ ቤት ዘመን

ከነጻነት በኋላ ፎቶግራፍ የሕዝብ ሆነ። በአዲስ አበባና በአስመራ አርመኖችና ጣሊያኖች የፎቶ ቤት ነበራቸው። ቤት ጠራጊ፣ ዕቃ አቀባይ ሆነው የተቀጠሩ የአገራችን ልጆች እያዩ ተማሩ፤ ቀስ በቀስም የራሳቸውን ከፈቱ። መደብ የሌለው ደግሞ በሦስት እግር የቆመ የእንጨት ሣጥን ካሜራ ይዞ በየአደባባዩ ይሠራ ነበር። ሣጥኑ ካሜራም ጨለማ ክፍልም ነው። ፎቶ አንሺው እጁን በጨርቅ እጅጌ አሾልኮ ወረቀቱን እውስጡ ያጥበዋል፤ መጀመሪያ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያንኑ እንደገና አንሥቶ ይገለብጠዋል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቅና እርጥቡን ይዞ ይሄዳል።

ፎቶ ቤት መግባት ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ከደምቢያና ከወገራ የመጣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ፀጉሩን አስቆርጦ ይገባል። ከኋላው መጋረጃ አለ። አበባ ያለበት ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም የእጅ ሰዓትና ኮት በውሰት ይሰጠዋል። «አትንቀሳቀስ፣ አትሳቅ» ይባላል። በድሮ ፎቶግራፍ ላይ አባቶቻችን የተቆጡ የሚመስሉት ተቆጥተው አይደለም፤ ቆሞ መነሣት እንደ ዳኛ ፊት መቅረብ ስለሚቆጠር ነው። ሚስት ተቀምጣ ባል ቆሞ፣ ወይም ባል ተቀምጦ ሚስት እጇን ከትከሻው ላይ አድርጋ፤ ልጆች በቁመት ተራ። አንዳንዱ ሽማግሌም ጥላዬን ይወስድብኛል ብሎ እምቢ ይል ነበር ይባላል።

ከጀርባ ያለውን ሥራ ደንበኛው አያየውም። ፊልሙ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በቀይ መብራት ሥር ብርሃን በኔጌቲቩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል፤ ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መልኩ ቀስ እያለ ይወጣል። በመጨረሻ በሌላ መድኃኒት ጸንቶ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ውኃው ላይ የተቻኮለ ፎቶ ቤት ሥራው ከዓመታት በኋላ ይታወቃል፤ ፎቶው ቢጫ ይሆናል። በቀጭን እርሳስ ኔጌቲቩን እየነካኩ የፊት ጠባሳ ማለስለስ፣ በጥቁርና ነጩ ላይ ከንፈርና ጉንጭ በቀለም ማቅላትም የሙያው ክፍል ነበር።

ሠርግ፣ ምረቃና ስብሰባ

ፎቶ አንሺው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ድግሱ መሄድ ሲጀምር ነው የዛሬው ሙያ የተወለደው። በጎንደር ለዚህ በር ከከፈቱት አንዱ የጤና ጥበቃ ኮሌጁ ነው ብንል አንሳሳትም። በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን በጀመረ ጊዜ ምረቃ የሚባል በዓል ወደ ከተማችን ገባ። ጋውን የለበሰ ልጅ ከእናቱ ጋር ቆሞ መነሣት፣ ተመራቂው ሁሉ በደረጃ ላይ ተደርድሮ የኅብረት ፎቶግራፍ መነሣት ልማድ ሆነ። መሥሪያ ቤቱም፣ ማኅበሩም፣ የኅብረት ሥራውም ያንኑ አየ። ሊቀመንበሩ መካከል፣ ሒሳብ ሹሙ ከጎኑ፣ ተላላኪው ከዳር። ከኅብረት ፎቶግራፍ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ማዕረግ ሁሉ ይነበባል።

ሠርጉ ደግሞ የባሰ ጥበብ ይጠይቃል። ፊልሙ ባለ 12 ወይም ባለ 36 ነው። ፎቶ አንሺው አሥራ ሁለት ጊዜ ወይም ሠላሳ ስድስት ጊዜ ብቻ መተኮስ ይችላል ማለት ነው፤ ፊልም ውድ ነው፤ ተበላሸ ብሎ ሠርጉን መድገም የለም። ስለዚህ ቆጥሮ ይሠራል። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አንድ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ አንድ፣ ሚዜዎች አንድ፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ስትሰናበት አንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሁለት፣ መልሱ ላይ ሦስት። የአክስት ልጅ ሳይነሣ ቀረ ተብሎ የተቀየመ ዘመድ በየቤቱ አለ። በጥር ሠርግ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ድግስ የሚጠራ ባለሙያ በእግሩ እየሮጠ ያደርስ ነበር። ጥር 11 ቀን ደግሞ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን አንጠልጥለው ይቆማሉ። ለጥምቀት ከሩቅ የመጣውን ሰው ያነሡና ደረሰኝ ቆርጠው «ነገ ፒያሳ መጥተህ ውሰድ» ይሉታል። ያልመጣው ሰው ፎቶ ከመስታወት ሥር ዓመት ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ሞቶ ዘመዱ ያገኘዋል።

ክፉ ቀን

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ የንጉሡ ፎቶግራፍ ከየግድግዳው ወረደ፤ ሌላ ተሰቀለ። ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሄድ ተነሥቶ ለእናቱ ትቶላት ሄደ። ቀበሌ ሲቋቋም መታወቂያ ግድ ሆነ፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ግድ ሆነ። በዕድሜያቸው አንድ ቀን ተነሥተው የማያውቁ እናቶች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፎቶግራፋቸውን የተነሡት ለቀበሌ ነው። ለቅሶ ላይ ማኅተም ያለበትን ፎቶ የምናየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር መጣ። ጎንደር ምን እንዳየች ለዚህ ሰፈር መንገር አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ አብሮ መነሣት ራሱ ወንጀል ሆነ። ከእገሌ ጋር ቆመህ ተነሥተሃል ተብሎ የሚጠየቅ ስለነበር ብዙ ቤት አልበሙን እሳት ውስጥ ጨመረ፤ ወይም የጓደኛውን ፊት በመቀስ ቆርጦ አወጣ። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ኋላ መልኩን ፈልገው ያገኙት ያቺኑ የተማሪ መታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በእንዲህ ዓይነት ፎቶግራፎች የተሞላ ነው። የገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እነዚያ ወጣቶች የተነሡት ለመታሰቢያ ሳይሆን ለትምህርት ቤት ነበር።

የዛሬው ነገር

ቀለም ፊልም ሲመጣ ጥቁርና ነጩን ሰው ናቀው። ነገር ግን አልበማችሁን አውጥታችሁ እዩ። በደንብ የታጠበው የአያት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ የ1970ዎቹ የቀለም ፎቶግራፍ ወደ ቀይና ወደ ቢጫ ሄዷል። የቀለሙ መድኃኒት ቶሎ ስለሚከዳ ነው።

ቀጥሎ ቪዲዮ፣ ከዚያም ፊልም የማይፈልገው ዲጂታል ካሜራ መጣ። ዛሬ የሠርግ ባለሙያ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ያነሣል። ሙሽሮቹን በፋሲል ግቢ፣ በጎሃ ኮረብታ ላይ እያዞረ ያነሣል፤ መጽሐፍ የሚያህል አልበም ያስረክባል። የአገራችን ፎቶግራፍም በዓለም ፊት ይታያል፤ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአገሩን ባለሙያዎች አገናኝቷል። የጥምቀት በዓላችንም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራው ብሷል። ለቅሶ ላይም ቢሆን ያቺ በፍሬም ያለችው ፎቶ በትልቅ ባነር ተተክታለች፤ የሟቹን መልክ በካናቴራ አሳትሞ የሚለብስም አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ባለበት ዘመን «ፎቶው የታለ?» ማለት ለምን አልቀረም? መልሱ ቀላል ነው። ፎቶው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ የቁልፍ ቁጥሩን የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነው። ታጥቦ በእጅ የተያዘ ፎቶግራፍ ግን ሃምሳ ዓመት ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። በሌላ በኩል የድሮ ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ኔጌቲቫቸው ምን ይሆናል? ወራሽ የሙያውን ዋጋ ካላወቀ በካርቶን ወጥቶ ይጣላል። በዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው የሠፈራችን ሰው ሁሉ ነው፤ ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ምረቃው።

የባሰው ግን የስሙ ነገር ነው። ለዚህ ነው ቀደም ሲል ያዙልን ያልነው። የጎንደር ሠዓሊ መልኩን ሥሎ ስሙን ጻፈ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ይህች ምንትዋብ ናት እንላለን። እኛስ? በየቤታችን ያለውን አልበም ብናወጣ በጀርባው ስም የተጻፈበት ስንት ነው? እናት በሕይወት ሳሉ «ይቺ እትዬ እገሊት፣ ይሄ የጋሽ እገሌ ታላቅ» እያሉ ይነግራሉ። እናት ሲያልፉ ስሙ አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ የገዛ አያታችን ፎቶግራፍ ከፓሪሱ የማይለይ ይሆናል፤ መልክ ያለው፣ ስም የሌለው።

ምን እናድርግ

እንግዲህ ታሪክ አውርተን ብቻ እንዳንቀር ጥቂት ሐሳብ እናቀርባለን። ለጠቅላላ ጉባኤው ውይይት ይሆናል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዚህ ዓመት የቤቱን ፎቶግራፎች ከሽማግሌ ጋር ቁጭ ብሎ በጀርባቸው በለስላሳ እርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመት ይጻፍ። በእስክሪብቶ መጻፍ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ወረቀቱንም ያቆስላል።

ሁለተኛ፣ ፎቶን በፕላስተርና በሙጫ አንለጥፍ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ፣ ጭስ ባለበት ማዕድ ቤት፣ እርጥበት ባለበት መሬት አናስቀምጥ። ንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ማኖር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ስልክ ላይ ካሉት ውስጥ በዓመት ጥቂቱን መርጠን ፒያሳ ወስደን እናሳትም። ለሠርግና ለምረቃ ባለሙያ ስንቀጥርም ከአልበሙ ጋር ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ እንዲያስረክበን በውል እናስገባ።

አራተኛ፣ እድሩ አንድ መዝገብ ይክፈት። አባሉ ዋናውን ፎቶ ሳይሰጥ፣ ጸሐፊው በስልክ ቀድቶ ከነስሙ ያስቀምጥ። ደስ ብሎት የተነሣው ፎቶ ይሁን እንጂ የመታወቂያው አይሁን። ፈቃደኛ ያልሆነ አይገደድም፤ መልክ የባለቤቱ ነውና። ድንኳን በተተከለ ቀን ልጅ ወደ ፒያሳ መሮጡ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚህ ሰፈር ማን እንደኖረ ለልጅ ልጆቻችን ይታወቃል።

የተዘጋ ፎቶ ቤት ኔጌቲቭ በእጁ ያለ አባል ካለም እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት ለእድሩ ኮሚቴ ንገሩን። ማን መሆኑን የሚያውቅ ሽማግሌ አሁንም በመካከላችን አለ፤ እሱ ሳያልፍ እንጠይቀው።

ያለፉትን ነፍስ ይማርልን፤ ያለነውን በሰላም ያቆየን።